መብራቱ በርቷል፣ ኮዱ ግን የለም

መኪና ሲታመም ባለመኪናው ዛሬ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ኮዱ ስንት ነው?» ብሎ ነው። ኮዱ ከታወቀ ወሬውም ዋጋውም ይቀላል። ግራ የሚያጋባው «ቼክ ኢንጅን» የምትለዋ ቢጫ መብራት ቁልጭ ብላ እየበራች ስካነሩ «ኮድ የለም» ሲል ነው። የብዙ ወገን ገንዘብ በግምት የሚበተነው ያኔ ነው። አንዱ ኦክስጅን ሴንሰር ይቀየር ይላል፣ ሌላው ካንዴላ፣ ሦስተኛው ካታሊቲክ ኮንቨርተር። ታክሲ ነጂው ሦስት ቀን ሥራ ፈቶ፣ የሦስቱንም ሒሳብ ከፍሎ ሲወጣ መብራቷ እንደበራች ናት።

ከ1996 ሞዴል ወዲህ አሜሪካ ውስጥ የሚሸጡ የቤት መኪናዎችና ቀላል የጭነት መኪናዎች ኦ.ቢ.ዲ. 2 የሚባለውን የምርመራ ሥርዓት እንዲይዙ ተገደዋል። ስካነሩ የሚሰካበት ባለ 16 ቀዳዳ ሶኬት ከመሪው በታች አካባቢ ይገኛል። የሞተሩ ኮምፒዩተር መብራቷን ሲያበራ ምክንያቱን በኮድ ይመዘግባል። እንግዲህ ኮድ ከሌለ ወይ የበራችው ሌላ መብራት ናት፣ ወይ ስካነሩ በትክክል አላነበበም፣ ወይም መብራቷን ያበራት ኮምፒዩተሩ አይደለም።

የመጀመሪያው ከሚገመተው በላይ ያጋጥማል። በብዙ ቶዮታዎች ላይ ለጥገና ጊዜ ማስታወሻ የምትበራው መብራት በሽታ አታውቅም፤ የምትቆጥረው ማይል ብቻ ነው። ዘይት ተቀይሮ ቆጣሪዋ ወደ ዜሮ ካልተመለሰች መብራቷን አታጠፋም። የፍሬኑ ኤ.ቢ.ኤስ. እና የኤርባጉ መብራቶችም የየራሳቸው ኮምፒዩተር አላቸው። ርካሹ ስካነር የሚያነበው የሞተሩን ብቻ ስለሆነ ስለ እነርሱ ቢጠየቅ «ኮድ የለም» ይላል፤ አልዋሸም።

ሁለተኛው የስካነሩ ጉዳይ ነው። «ኮድ የለም» እና «ከኮምፒዩተሩ ጋር መገናኘት አልተቻለም» የተለያዩ መልሶች ናቸው፤ የሚቸኩል ሰው ግን አንድ ያደርጋቸዋል። ስካነሩ ሲሰካ ጭራሹን ካልበራ መጀመሪያ የሚታየው ፊውዝ ነው፤ አገር ቤት ቫልቮላ የሚባለው። በብዙ መኪና ላይ ሶኬቱ ኤሌክትሪክ የሚያገኘው የሲጋራ መለኮሻው በሚያገኝበት ፊውዝ ነው። ቀኑን ሙሉ ስልክ ቻርጅ የሚደረግበት መለኮሻ ውስጥ ሳንቲም ገብቶ ፊውዙ ከተቃጠለ ስካነሩም አብሮ ይሞታል። ጥቂት ዶላር በማይሞላ ፊውዝ ምክንያት «ኮምፒዩተሩ ተቃጥሏል» የተባለ ባለመኪና ቢኖር አያስደንቅም።

ስካነሩ ከበራ ደግሞ ሞተሩን አስነስቶ የሞተሩን ዙር እንዲያሳይ ማዘዝ ነው። ቤንዚን ሲሰጥ ቁጥሩ አብሮ ከወጣ ግንኙነቱ ደህና ነው። ቁጥር ከሌለ «ኮድ የለም» ማለቱም አይታመንም። አሮጌ ስካነር ከሆነ ከ2008 ሞዴል ወዲህ ግዴታ የሆነውን ካን የተባለ የመነጋገሪያ ዘዴ ላያውቅ ይችላል። አምራቹ ለራሱ ያወጣቸውን ኮዶች ለማንበብም የመኪናውን ዓይነት የሚያውቅ ስካነር ያስፈልጋል።

ሦስተኛውን አብዛኛው ሰው አያውቀውም። ስካነሩ «ኤም.አይ.ኤል.» በሚለው መስመር ላይ ኮምፒዩተሩ መብራቷ እንድትበራ አዝዞ እንደሆነና እንዳልሆነ ያሳያል። እዚያ ላይ «ኦፍ» ብሎ መብራቷ ግን ከበራች ጥፋቱ ከሞተሩ ሳይሆን ከሽቦው ወይም ከዳሽቦርዱ ነው። በቀድሞዎቹ መኪናዎች ኮምፒዩተሩ መብራቷን የሚያበራው ሽቦዋን ከማሳ ጋር በማገናኘት ነው። ሽቦው ተልጦ የመኪናውን ብረት ከነካ መብራቷ ያለ ማንም ትእዛዝ ትበራለች። ለዚህ ሴንሰር መቀየር ጤነኛ ጥርስ እንደ መንቀል ነው። ይህን መስመር ሳያይ ዕቃ ይገዛ የሚል መካኒክ ቢመሰገንም ባይመሰገን፣ ቦርሳ ግን ቢዘጋበት ይሻላል።

መብራቷ ብልጭ ድርግም የምትል ከሆነ ግን የኮድ ክርክር ይቆይ። ሞተሩ በትክክል ሳይቃጠል ያለፈው ቤንዚን ወደ ካታሊቲክ ኮንቨርተሩ እየገባ ነው፤ በዚያ ሁኔታ መንዳት ያን ውድ ዕቃ ያቃጥላል። ሞተሩን ማጥፋትና መኪናውን ማስጎተት ይረክሳል።

የኮድ አለመኖር ሁልጊዜ የምሥራች አለመሆኑን ያገለገለ መኪና የሚገዛ ሰው በተለይ ይወቅ። የባትሪ ገመድ ተፈትቶ ወይም በስካነር ተጠርጎ የመጣ መኪና መብራቱም ኮዱም ይጠፋል፤ ነገር ግን ኮምፒዩተሩ የሚያደርጋቸው ውስጣዊ ፈተናዎች «አልተጠናቀቁም» ተብለው ይቀራሉ። ከ2010 እስከ 2012 ሞዴሎች ቀስ በቀስ የገባው «ቋሚ ኮድ» የሚባለው ደግሞ ባትሪ በመፍታት አይጠፋም። በሰሜን ቨርጂኒያም ሆነ በሌላ ስፍራ የጭስ ምርመራ ያለበት ሰው ይህን ሳያይ ቢሄድ ይመለሳል፤ በአብዛኞቹ ስቴቶች ከ1996 እስከ 2000 ሞዴል ሁለት ያልተጠናቀቀ ፈተና፣ ከ2001 ወዲህ ደግሞ አንድ ብቻ ይፈቀዳል። ስለዚህ ባትሪ ከተፈታ በኋላ ወደ ምርመራው ጣቢያ ከመሮጥ ጥቂት ቀን መጠበቅ ያስፈልጋል። ጠዋት ሞተሩ በርዶ ይነሳ፤ በሃይዌይም በከተማም ይነዳ፤ ታንኩም ከሩብ በታች ወይም ጢም ያለ አይሁን፣ የቤንዚን ትነቱ ፈተና በዚያ ጊዜ አይካሄድምና።