አጋፋሪውን መልሱልን

ሠርግ ስትጠሩ መጀመሪያ የምታስቡት ስለ ምንድን ነው? ስለ ልብሱ? ስለ ስጦታው? እኛን ከጠየቃችሁን የሚያስጨንቀን ሌላ ነው፤ የት ነው የምንቀመጠው? አዳራሽ በር ላይ ቆሞ በዓይን ወንበር የመፈለግን ያህል ሰውን የሚያሳንስ ነገር ጥቂት ነው። ጠረጴዛው ሁሉ ሞልቷል። ባዶ የመሰለው ወንበር ላይ ነጠላ ተጥሎበታል፣ ወይ የእጅ ቦርሳ ተቀምጦበታል። ጠጋ ስትሉ «ተይዟል!» ትባላላችሁ። ይቅርታ ብላችሁ ወደሚቀጥለው። እዚያም ተይዟል። ሦስተኛው ላይ ስትደርሱ ሙሽሮቹን ራሱ መጥላት ይጀምራችኋል።

በዚህ ጉዳይ እኛው በእኛው ሁለት ወገን ሆነን ስንጨቃጨቅ ከርመናል። አንዱ ወገን «በየጠረጴዛው ስም ይለጠፍ፤ ሁሉም ቦታውን ይወቅ» ይላል። ሌላው «ኧረ ተዉን፣ ደስ ያለን ቦታ እንቀመጥ፤ ሠርግ ነው እንጂ የማትሪክ ፈተና አይደለም» ይላል። ሁለቱም የሚከራከሩት ስለ ወንበር ነው። እኛ ግን ነገሩን ስናወጣና ስናወርድ ከአዳራሹ የጠፋው አንድ ሰው ሆኖ አገኘነው። ስሙ አጋፋሪ ይባላል።

እስቲ ከሩቅ እንጀምረው። ባሕር የለንም፤ መርከብ ላይ እራት መብላት ለአብዛኞቻችን የፊልም ነገር ነው። ይሁንና ይህን ጭቅጭቅ ከኛ ቀድመው የተጨቃጨቁት የሽርሽር መርከብ ኩባንያዎች ናቸው። የድሮው ሥርዓታቸው ቁርጥ ያለ ነበር። እራት በሁለት ዙር ይቀርባል፤ ተሳፋሪው ከሁለቱ በአንዱ ይመደባል፤ ከዚያ ጉዞው እስኪያልቅ በየምሽቱ በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ጠረጴዛ፣ ከነዚያው ሰዎች ጋር፣ ያው አስተናጋጅ እያስተናገደው ይበላል። እ.ኤ.አ. በ2000 ኖርዌጂያን ክሩዝ ላይን የተባለው ኩባንያ «ፍሪስታይል» ብሎ ምደባውን አነሣ፤ በፈለጋችሁት ሰዓት ከፈለጋችሁት ሰው ጋር ብሉ አለ። ሌሎቹም ቀስ በቀስ ተከተሉት። ዛሬ ከትልልቆቹ ኩባንያዎች ብዙዎቹ ሁለቱንም ያቀርባሉ፤ ምርጫው የተሳፋሪው ነው። ሐሳቡን ከቀየረ ወይም የጠረጴዛ ጓደኞቹ ካልተስማሙት ደግሞ በጊዜ ወደ ምግብ አዳራሹ ኃላፊ ሄዶ «ቀይሩኝ» ይላል፤ ቦታ ካለ ይቀየርለታል።

እኛን የሳበን ይህ የመጨረሻው ነገር ነው። ቋሚውንም ሆነ ነፃውን የሚያስኬደው ሄዶ የሚያናግሩት ሰው መኖሩ ነው። ቋሚው ጠረጴዛ የራሱ ወዳጆች እንዳሉትም አትርሱ። ብቻውን የተሳፈረ ሰው አስቡት። በነፃው አዳራሽ በየምሽቱ አዲስ ባዕድ ነው። በቋሚው ጠረጴዛ ግን በሁለተኛው ምሽት አስተናጋጁ ምን እንደሚጠጣ ያውቅለታል፤ በሦስተኛው ምሽት ቢቀር «ምን ሆኖ ይሆን?» የሚል ሰው ያገኛል።

አሁን ከባሕሩ ወደ ደጋው እንውጣ፤ ወደ ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ። ለምን እዚያ? ቦታ ማለት ስም የሆነበት አገር ስለሆነ። ጋይንት ያለችው ቅድስት ቤተ ልሔም የድጓ ምስክር ቤት ናት፤ ድጓ የተማረ ሰው መምህር ለመሆን ምስክርነቱን የሚቀበልባት። ማኅሌት ሲቆም ካህናቱ በቀኝና በግራ ይሰለፋሉ። የቀኙ አለቃ ቀኝ ጌታ፣ የግራው ግራ ጌታ፣ የሁሉም መሪ መሪጌታ ይባላል። ሰውየው ማኅሌቱ አልቆ ገበያ ሲወርድ እንኳ «ቀኝ ጌታ እገሌ» ነው፤ የቆመበትን ቦታ ተሸክሞት ይዞራል። የጦሩም እንዲሁ ነበር፤ ቀኛዝማች፣ ግራዝማች፣ ፊታውራሪ። አንድ ሊቅ ማስተማር ጀመረ ለማለትም ወንበር ዘረጋ፣ ወንበር ተከለ እንላለን። እንግዲህ እንዲህ ያለ አገር ሰው በተዝካር ወይም በሠርግ ዳስ ውስጥ የት እንደሚቀመጥ ግድ ቢለው ምን ያስደንቃል?

ነገር ግን ይህ ቋሚ ቦታ ዕድሜ ልክ የሚታሰሩበት አልነበረም፤ ቢያንስ በቤተ ክህነቱ ወገን። አኮፋዳ አንግቶ፣ ደበሎ ለብሶ፣ በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ቁራሽ ሲለምን የኖረ የቆሎ ተማሪ ድጓውን ጨርሶ ከተመሰከረለት፣ ትናንት ከደጅ ቆሞ ይለምንበት የነበረው ቤት ዛሬ ከላይ ያስቀምጠዋል። ወንበሩ ባለበት ነው፤ ሰውየው ነው የሚንቀሳቀሰው። አባቱ ማን እንደሆነ የሚጠይቀው የለም፤ ጥያቄው ቃሉን ያውቀዋል ወይ ነው። በሆቴል አዳራሾቻችን ፊት ለፊት ያሉት ጠረጴዛዎች በምን መመዘኛ እንደሚታደሉ ስናስብ ይህኛው የተሻለ ይመስለናል።

ዳሱ ውስጥ ደግሞ ሌላ ጨዋታ አለ። አንድ ሽማግሌ ሲገቡ የተቀመጠው ሁሉ ብድግ ይላል። «ኖር!» «በእግዜር! ኧረ አትነሡ!» «ከፍ ይበሉ!» «ኧረ እዚሁ ይበቃኛል!» «አይሆንም፣ በማርያም!» ይህን መጎታተት ልጆች ሳለን እንስቅበት ነበር። አሁን ስናስበው ግን ቦታ በየደቂቃው እንደገና የሚታደልበት መንገድ ነው። አዲስ ሰው በገባ ቁጥር ሁሉም ትንሽ ይነሣል፣ ትንሽ ይጠጋል። ክርክሩን የሚቆርጠው አጋፋሪው ነው። እሱ ከሩቅ የመጣው ማን እንደሆነ ያውቃል። ማን ከማን ጋር ደም እንደተቃባና ጎን ለጎን መቀመጥ እንደሌለበት ያውቃል። የማይታወቅ መንገደኛ ቢገባ እንኳ የእግዜር እንግዳ ነው ብሎ አንድ ጥግ አያጣለትም። የጎረቤቱን ጎረምሳ ደግሞ አንድ ዓይን አይቶ «አንተ የቤት ሰው ነህ፣ ተነሣ» ይለዋል። ጎረምሳውም ይነሣል፤ የቤት ሰው መባል ራሱ ማዕረግ ነውና አይከፋውም።

ሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 14 ላይ ያለው የግብዣ ምሳሌ ስለዚሁ ነው፤ ለሠርግ የተጠራ ሰው ከከበሬታው ስፍራ ይልቅ ከዝቅተኛው ይቀመጥ ይላል። አስተውሉ ግን፤ ምሳሌው የሚሠራው ዝቅ ብሎ የተቀመጠውን አይቶ ወደ ላይ የሚያወጣ ጋባዥ ሲኖር ነው። ጋባዡ ፎቶ ላይ ከሆነ ዝቅ ያለው ዝቅ እንዳለ ያመሻል።

በቤተ መንግሥትም ቢሆን አጋፋሪነት ሹመት ነበር። ምኒልክ በነገሡበት ዘመን፣ ከ1882 እስከ 1906 ዓ.ም.፣ የአዲስ አበባው ግብር በዙር ይበላ ነበር። መጀመሪያ ንጉሠ ነገሥቱ በመጋረጃ ተጋርደው ከቅርብ መኳንንቶቻቸው ጋር ይመገባሉ፤ ከዚያ መጋረጃው ይገለጥና ሌላው በየማዕረጉ ይገባል፤ ያ ሲነሣ ቀጣዩ ይተካል፤ እንዲህ እየተባለ እስከ ተራው ወታደር ይደርሳል። መርከቦቹ በሁለት ዙር ይመጻደቃሉ፣ እኛ ከዚያ የበለጠ ነበረን። በአንድ ግብር በሺዎች የሚቆጠር ሰው ይመገብ ነበር። የሥጋው ብልት ሳይቀር በማዕረግ ይታደላል። ወታደሩ መጨረሻ እንደሚገባ ያውቃል፤ እንደሚገባ ግን ያውቃል።

ይህን ስንል «የድሮ ሥርዓት ናፋቂዎች» እንዳትሉን። የዚያን ሥርዓት ጉድ ረስተነው አይደለም። እናቶቻችን በዚያ ዳስ ውስጥ የነበራቸው ቋሚ ቦታ ጓዳው ነበር፤ ሲጋግሩና ሲወጠውጡ ሰንብተው ሠርጉን በድምፅ ነው የሚያውቁት። አንጥረኛው፣ ሸክላ ሠሪዋ፣ ቆዳ ፋቂው ደግሞ ቡዳ እየተባሉ፣ ማረሻውንና ጋኑን የሠራ እጃቸው ከገበታው እንዳይደርስ ይጠበቅ ነበር። ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብን በዐዋጅ ከልክለዋል፤ ዐዋጁ ግን በየዳሱ ገብቶ ቦታ አላስለቀቀም። ለእነዚህ ሰዎች ቋሚ ቦታ ማለት ቋሚ ውርደት ነበር። በ1966 ዓ.ም. አብዮቱ ፈንድቶ ማዕረጉን ሁሉ ሲጠራርግ የቤተ መንግሥቱንም አጋፋሪ አብሮ ቢጠርገው ያለቀሰለት ብዙ አይመስለንም።

የሚያናድደን አሁን በሆቴል አዳራሽ የተመለሰው ቋሚ ቦታ የድሮውን ክፋት ይዞ ደግነቱን መርሳቱ ነው። ፊት ለፊት ያሉት ጠረጴዛዎች ላይ «ቪአይፒ» ወይም «ሪዘርቭድ» የሚል ካርድ አለ፤ እሱም በእንግሊዝኛ። ካርዱ የአባወራው አለቃ፣ ከውጭ አገር የመጡ ዘመዶች፣ ሥራ የሚያስቀጥሩ ሰዎች ናቸው ማለት ነው። ከጋይንት የመጡት አጎት ደግሞ (በዚህ ዘመን መንገዱ ራሱ ስንት ነገር እንዳለው ታውቃላችሁ) ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ ዱላቸውን ይዘው፣ ከድምፅ ማጉያው ሥር ተቀምጠው ታገኟቸዋላችሁ። ካርዱ ምን እንደሚል የነገራቸው የለም። አንዱ ባዶ ወንበር ላይ ሊቀመጡ ሲሉ ገና ለጋ የሆነ አስተናጋጅ «አባባ፣ እዚህ አይቻልም» ብሏቸው ነው እዚያ የሄዱት። ሊመርቁ የመጡ ሰው ናቸው። ሙሽራዋን በልጅነቷ ያዘሏትም እሳቸው ሊሆኑ ይችላሉ።

ከዚያ ቡፌው ይከፈታል። ለኛ ቡፌ ማለት ምርጫ ነው፤ ክትፎው ጋ ደጋግሞ መመላለስ ነው። ለእሳቸውስ? ጋይንትና ስማዳ ድርቅ ደጋግሞ የጎበኛቸው አገሮች ናቸው። እዚያ ዕድሜውን የኖረ ሰው ዕቃ ይዞ ለምግብ መሰለፍን የሚያውቀው ከእርዳታ እህል ጋር ነው። በደግ ቀንማ ምግብ በአሳላፊ እጅ ወደ እንግዳው ይመጣል እንጂ እንግዳው ወደ ምግብ አይሄድም። ሽማግሌው «ጠግቤያለሁ» ብለው ሲቀሩ እኛ አፍረው ነው፣ ወይ ጾም ይዘው ነው እንላለን። ማንም ሊያዋርዳቸው አላሰበም። ችግሩም እሱ ነው፤ ስለ እሳቸው ያሰበ ሰው በአዳራሹ የለም።

«ስለዚህ ካርዱ ይቅደድና ሁሉም በነፃ ይቀመጥ» ለሚሉት ጓደኞቻችን ደግሞ ነጠላዋን እናስታውሳቸዋለን። ነፃ የተባለ ቦታ ቀድሞ የመጣና ጓደኛ ያለው ሰው ርስት ነው። አሥር ሆነው የመጡት ሁለት ጠረጴዛ ያጥራሉ። ብቻውን የመጣው፣ አዲስ የተቀጠረችው የሥራ ባልደረባ፣ ባሏ የሞተባት ጎረቤት፣ በር ላይ ቆመው ይቀራሉ። «በፈለጋችሁበት ተቀመጡ» ለባይተዋር ሰው ግብዣ አይደለም።

ያለ ካርድም ያለ «ተይዟል»ም የሚሠራ ቦታ ግን ሁላችንም እናውቃለን፤ ለቅሶ ቤት። የእድሩ ድንኳን ውስጥ ወንበር ቁጥር የለውም። አዲስ የገባው ከሐዘንተኛው አጠገብ ይቀመጣል፤ ትንሽ ቆይቶ ሌላ ሲገባ ተነሥቶ ወደ ዳር ይሄዳል። ሚኒስትርም ይሁን ሊስትሮ ከሐዘንተኛው ጎን ርስት የለውም። ንፍሮውን የእድሩ ልጆች እየዞሩ ያድላሉ፤ አንድ ሰው ደግሞ ሁልጊዜ በሩ ላይ አለ፣ «ወደዚህ፣ ወደዚህ ግቡ» የሚል። ሐዘን ላይ እንዲህ የምንችልበት ሰዎች ደስታ ላይ ምን ነካን?

እንግዲህ ጥር እየመጣ ነው። ሠርግ የምትደግሱ ወዳጆቻችን የወጪ ዝርዝራችሁን ስናየው ዲኮር አለ፣ ዲጄ አለ፣ ከላይ እየበረረ የሚቀርጽ ድሮን አለ። አጋፋሪ የለም። ሁለት ሰው መድቡ፤ አንድ ከሙሽራው፣ አንድ ከሙሽራዋ ወገን። ሴት ብትሆን ደግሞ በጣም እንወዳለን፤ ጓዳ የነበሩት እናቶች የት መቀመጥ እንዳለባቸው ከማንም በላይ የምታውቀው እሷ ናት። ዘመድ አዝማዱን በስም የሚያውቁ ይሁኑ። ሚዜ አይሁኑ፤ ሚዜ ፎቶ ላይ ነው። ለሽማግሌዎቹና ከሩቅ ለመጡት ጥቂት ጠረጴዛ ከፊት በቁርጥ ይያዝ፤ ካርዱም በአማርኛ ይጻፍ፣ ምግባቸውንም አሳላፊ ያምጣላቸው። የቀረው አዳራሽ ለኛ ክፍት ይሁን፤ እግር አለን፣ እንዞራለን። ነጠላ የተጣለበት ወንበር ከአሥር ደቂቃ በላይ ሰው ካልመጣበት አጋፋሪዋ ነጠላዋን አንሥታ ለባለቤቷ ትስጣት። እኛን ከፊት አግኝታን «እናንተ የቤት ሰው ናችሁ፣ ተነሡ» ካለችን እንነሣለን። መጀመሪያ ግን አጎትየውን ከድምፅ ማጉያው ሥር ታንሣቸው።