ለፎንቆ የሚያይ ዐይን

እኛ አገር ተሰጥኦ የሚታወቀው ካሸነፈ በኋላ ነው። ልጁ ሜዳሊያ አጥልቆ ቦሌ ሲወርድ አበባ ይዘን እንሰለፋለን። “ድሮም እኮ ከልጅነቱ ያስታውቅ ነበር” የሚል ጎረቤትም አይጠፋም። ያስታውቅ ከነበረ ታዲያ ያኔ ምን አደረጋችሁለት? ብሎ የሚጠይቅ ግን የለም።

“ተሰጥኦ ያለው እንደ ምንም ብሎ ይወጣል” የሚል የተለመደ ማጽናኛ አለን። እኔ አልቀበለውም። የወጡትን ብቻ እየቆጠሩ ሁሉም ይወጣል ማለት፣ ከጎርፍ የተረፉትን አይቶ ጎርፍ ሰው አይወስድም እንደ ማለት ነው። ያልወጡትን ማን ቆጠራቸው?

የወጡትንም ቢሆን ቀረብ ብለን እንመርምር። ደራርቱ ቱሉን፣ ቀነኒሳ በቀለንና ጥሩነሽ ዲባባን የአርሲ ደጋ አየር ብቻ አላወጣቸውም። በቆጂ ላይ ስንታየሁ እሸቱ የሚባሉ የስፖርት መምህር ነበሩ፤ ልጆቹን አይተው፣ ለይተው፣ አሠለጠኗቸው። ጥላሁን ገሠሠን ወሊሶ፣ ራስ ጎበና ትምህርት ቤት ሳለ “አዲስ አበባ ሂድ፣ ሙዚቃውን ያዝ” ብለው ያደፋፈሩት ሱዳናዊው ርዕሰ መምህር ናቸው። አፈወርቅ ተክሌም በ1947 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ አገር የተላከው የማዕድን ምህንድስና እንዲማር ነበር፤ እጁን ያዩ መምህራን ናቸው ወደ ሥዕል እንዲያዘነብል ያበረታቱት። በሦስቱም ታሪክ ውስጥ የምናገኘው አስተማሪ ነው፤ ልጁን በየቀኑ የሚያይ፣ ያየውንም ችላ የማይል ሰው።

እንግዲህ ወደ ፎንቆ እንምጣ። ከሆሳዕና ብዙም በማትርቀው በዚህች የአንሌሞ ወረዳ ከተማ አንዲት ልጅ ከእኩዮቿ ሁሉ ፈጥና ብትሮጥ ማን ሰዓት ይይዝላታል? ደብተሯ ጀርባ ላይ የምትሞነጫጭረው ሥዕል ከቁጣ በቀር ምን ያተርፍላታል?

ከዚህ አካባቢ ሰው አልወጣም እያልኩ አይደለም። የሆሳዕናዋ ፋንቱ ማጊሶ በ2012 እ.ኤ.አ. ኒው ዮርክ ላይ 800 ሜትርን በ1፡57.48 ሮጣ በጊዜው የኢትዮጵያን ክብረ ወሰን ይዛ ነበር። ልብ በሉ፤ ዐይኑ ሁሉ አምስት ሺህና አሥር ሺህ ላይ በተተከለበት አገር ነው 800 ሜትር የሮጠችው። አንድ ዓይነት ችሎታ ብቻ ማየት የለመደ ዐይን ሌላው ፊት ለፊቱ ቢያልፍ እንኳ አያውቀውም።

በልብሱም ያው ነው። በፋሽን ትርዒት መድረክ ላይ የዲዛይነሩ ስም ይጠራል፤ ሞዴሏ ይጨበጨብላታል። ጉድጓዱ ውስጥ ተቀምጦ ጥለቱን አስቦ የሸመነው ሰውስ? ሽሮ ሜዳ ወርደን ስንገዛ ዋጋ እንከራከራለን እንጂ “ይህን ማን ሠራው?” አንልም። ያንኑ ሸማ ፈረንጅ ሲያደንቀው ነው “ጥበብ” የሚሆንልን። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል ይባል የለ!

“የተሰጥኦ ውድድር አለ አይደል?” የሚለኝ አንባቢ ይኖራል። አዎ፣ የቴሌቪዥኑ አይዶል አንዳንድ ድምፅ አሰምቶናል፤ አልክድም። ግን ውድድር የሚለየው መጀመሪያ የትራንስፖርት ገንዘብ ያለውን፣ ቀጥሎ ካሜራ የማይፈራውን ነው። ዐይን አፋሩ የፎንቆ ልጅ እዚያ ሰልፍ ላይ የለም። ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር በኖርኩባቸው ዓመታት ከሁሉ የተሻለውን ድርሰት የሚጽፉት ብዙ ጊዜ ክፍል ውስጥ እጅ የማያወጡት ነበሩ። ድርሰታቸው ባይነበብ ኖሮ አልፈውኝ ይሄዱ ነበር።

ስለዚህ ስታዲየምና ፌስቲቫል ከመጠየቃችን በፊት ርካሹን ነገር እንጠይቅ። ፈተና ሲቃረብ የስፖርትና የሥዕል ክፍለ ጊዜ ለሒሳብ አይሰጥ። የሙዚቃ መምህር ተብሎ ሙዚቃ የማያውቅ ሰው አይመደብ። ለስፖርት መምህሩ ኳስና የእጅ ሰዓት ይሰጠው፤ የለየውን ልጅ ስም ይዞ ወረዳና ዞን ሲሄድ “ነገ ተመለስ” አይባል። ይህን ለማድረግ የውጭ ርዳታ አያስፈልግም፤ የአንድ ስብሰባ አበል ለሰዓቱና ለኳሱ ይተርፋል።

ይህን ካላደረግን ደግሞ ቢያንስ ቦሌ ላይ አበባ ይዘን “ልጃችን” ለማለት አንሽቀዳደም።