ጽዋውን የሚመልስ እጅ ይከበር



ስሟን ከሆሳዕና በዓል ባገኘችው በሆሳዕና ከተማ፣ በዙሪያዋ ባለው በሌሞ ወረዳ፣ እንዲሁም በከምባታ ምድር በዱራሜ፣ ምእመናን ዛሬ የዘንባባ ቀለበት በጣታቸው አጥልቀው ከቤተ ክርስቲያን ይመለሳሉ። ከእነዚህም መካከል በዐቢይ ጾም ከመጠጥ ርቀው የቆዩ፣ መጪውን ፋሲካ ግን በሥጋት የሚጠብቁ ወገኖች አሉ። ሥጋታቸውም ጾሙ ሲፈታ የታሰረው ሱስ አብሮ ይፈታ ይሆን የሚል ነው።

የመጠጥ ሱስ የያዘው ሰው ለውጥን የሚፈራበት ምክንያት አለው። የመጀመሪያው ፍርሃት የሰውነት ነው። ለረጅም ጊዜ በየዕለቱ አብዝቶ ሲጠጣ የኖረ ሰው በድንገት ቢያቆም እጁ ይንቀጠቀጣል፤ ላብ ያጠምቀዋል፤ እንቅልፍ ያጣል። ሱሱ በጠናበት ሰው ላይ ካቆመ በኋላ ባሉት 48 ሰዓታት ውስጥ መንዘፍዘፍና ራስን መሳት፣ ቀጥሎም መቃዠት ሊመጣ ይችላል፤ ይህም ሕይወትን እስከ ማሳጣት ይደርሳል። ስለሆነም እንዲህ ያለው ወገን በር ዘግቶ ብቻውን ከሚታገል ይልቅ፣ በሆሳዕና ወደሚገኘው ንግሥት እሌኒ መሐመድ መታሰቢያ ሆስፒታል ወይም በአቅራቢያው ወዳለ ጤና ጣቢያ ቀርቦ ሐኪም ሊያማክር ይገባል። ጸበል የሚጠመቅ ምእመንም ሐኪም ዘንድ መቅረቡ ከእምነቱ አያጎድለውም።

ሁለተኛውና የከበደው ፍርሃት የብቸኝነት ነው። ጠላና ጠጅ ከዝክሩ፣ ከማኅበሩና ከሠርጉ ስለማይጠፉ፣ መጠጥን የተወ ሰው ከወዳጆቹም የሚለይ ይመስለዋል። ‹‹በሞቴ ቅመስልኝ!›› ሲባል እምቢ ቢል እንደ ንቀት ይቆጠርበታል፤ ቢቀበል ደግሞ ይወድቃል። በጾሙ አራተኛ ሰንበት የታሰበው መፃጉዕ 38 ዓመት በሕመም የኖረ ሰው ነበር። ልትድን ትወዳለህን ተብሎ ሲጠየቅ በቅድሚያ የተናገረው ወደ ውኃው የሚያወርደው ሰው ማጣቱን ነው። የዛሬውም ሕመምተኛ የሚሻው ያንኑ ሰው ነው።

በ1935 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ፣ በአክሮን ከተማ የተገናኙ ሁለት የመጠጥ ሱሰኞች፣ አንዱም ሐኪም የነበረ፣ እርስ በርስ በመደጋገፍ ከሱሱ ለመላቀቅ በቅተዋል። ከእነርሱ የተጀመረው ማኅበር ዛሬ በብዙ አገሮች ይገኛል። መሠረቱም ከሱስ የወጣ ሰው ሌላውን መደገፉ፣ ትግሉንም በአንድ ጊዜ ለዕድሜ ልክ ሳይሆን ለዛሬዋ ቀን ብቻ መያዙ ነው።

በአገራችን በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 የአልኮል መጠጥ በሬዲዮና በቴሌቪዥን እንዳይተዋወቅ ከልክሏል። በየቤታችን ማዕድ ዙሪያ ያለውን ግፊት ማስቀረት ግን የእያንዳንዱ ቤተሰብ ኃላፊነት ነው። በመጪው ፋሲካ ከጠላው ጎን ያልቦካ ብርዝ ወይም ውኃ ይቅረብ። ‹‹አልጠጣም›› ያለ እንግዳ ምክንያቱን አይጠየቅ፤ ዳግመኛም አይለመን። ተሳስቶ የቀመሰም ቢኖር የሚያሻው ስድብና መሳለቂያ ሳይሆን ወደ ሐኪሙና ወደ ንስሐ አባቱ አብሮት የሚሄድ ወዳጅ ነው።

ጾሙ ሰው ያለ መጠጥ ውሎ ማደር እንደሚችል አሳይቷል። ከፋሲካ በኋላም በዚያው እንዲቀጥል የምንሻለት ወገን ካለ፣ ጽዋውን ሲመልስ እጁን እናክብርለት።

መልካም በዓል!