በአንገት ሥር ስለሚገባው ቱቦ
ነቀምቴ ለሕሙማን አገልግሎት ልዩ መታሰቢያ ያላት ከተማ ናት። ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ በሎንዶን የነርስነትን ሙያ ተምረው ወደ አገራቸው ከተመለሱ በኋላ፥ ነሐሴ 11 ቀን 1934 ዓ.ም. በወጣትነታቸው ያረፉት በዚህችው ከተማ፥ በዚያን ዘመን አጠራር በለቀምት ነው። የንጉሠ ነገሥት ልጅ ያላፈሩበትን ሕመምተኛን የማስታመም ሥራ እኛም አቅልለን ልናየው አይገባንም።

በዚህ ወር የምንናገረው በአንገት ወይም በደረት በኩል ገብቶ ጫፉ እስከ ልብ አጠገብ ስለሚደርሰው ቱቦ ነው። ኩላሊታቸው ደክሞ ደማቸው በመሣሪያ የሚታጠብላቸው ብዙ ሰዎች በዚሁ ቱቦ ይረዳሉ። ነገር ግን ለመድኃኒት የተከፈተው በር ንጽሕና ከጎደለው ለበሽታም በር ይሆናል።

በአሜሪካ በሚሺጋን ግዛት ተደርጎ በ2006 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የታተመ ጥናት አምስት ነገሮችን ያዛል፤ እጅን መታጠብ፥ ሲያስገቡ በሙሉ ንጹሕ መሸፈኛ መጠቀም፥ ቆዳን በክሎርሄክሲዲን መጥረግ፥ ቢቻል የብሽሽትን ሥር መተው፥ የማያስፈልገውንም ቱቦ ቶሎ ማውጣት። በዚህ ትእዛዝ በጽኑ ሕሙማን ክፍሎች ከቱቦው የሚመጣው የደም መመረዝ ከሦስት ሁለት እጅ ያህል ቀነሰ። ከአምስቱ አንዱም እንኳ ከትጋት በቀር ትልቅ ሀብት የሚጠይቅ አይደለም።

ቱቦው ሳይወጣ ወደ ጊምቢ፥ ወደ ሻምቡ ወይም ወደ ደምቢ ዶሎ ለሚመለስ ሕመምተኛ ግን አስታማሚው ቤተ ሰቡ ነው። ስለዚህ እናቶችና አባቶች ሆይ፥ ይህን አስተውሉ። ብርድ ብርድ ማለትና ትኩሳት፥ በቱቦው ዙሪያ መቅላት ወይም መግል፥ የክንድ፥ የአንገት ወይም የፊት ማበጥ ከታየ እስኪነጋ አትጠብቁ፤ በዚያው ሰዓት ወደ ሐኪም ቤት ውሰዱት። ቱቦው ተስቦ ከወጣ ቀዳዳውን በንጹሕ ጨርቅ አጥብቃችሁ ተጫኑ። ክዳኑ ተከፍቶ ትንፋሽ ካጠረው መቆንጠጫውን ዝጉ፤ በግራ ጎኑ አስተኝታችሁ ራሱን ዝቅ አድርጉ፤ ርዳታም ጥሩ።

ፋሻው ውኃ እንዳይነካው ተጠንቀቁ። ጠበል የሚጠመቅ ሕመምተኛ ቢኖር ቱቦ እንዳለበት ለአጥማቂው ካህን አስቀድሞ ይነገር፤ ውኃው ከፋሻው ርቆ ይፍሰስ። ደሙ የሚታጠብለት ሰው የሚጠጣውም መጠን በሐኪም የተወሰነ ስለ ሆነ፥ የሚጠጣው ጠበል ከዚያው ልክ ይቈጠር። እምነትና ጥንቃቄ በአንድ ቤት አብረው የሚኖሩ ናቸውና፥ አንዱ ሌላውን አያስወጣውም።