«ቀላል ነው» ሲባል

በአንድ የልብስ ስፌት ፋብሪካ በምሳ ሰዓት ከሠራተኞች ጋር ስንጨዋወት፣ አንዲት እናት ዓይናቸው ሥር ያበጠውን በነጠላቸው ጫፍ ከለል አድርገው፣ «ፖሊስ ጣቢያ ሄጄ ነበር፤ ነገሩ ቀላል ነው ሲሉኝ ተመለስኩ» አሉን። ማን እንደመታቸው አልጠየቅናቸውም፤ ሁላችንም ገብቶናል።

በሕግ ቋንቋ ግን ቀላል ማለት የማያስቀጣ ማለት አይደለም። ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራበት የወንጀል ሕግ ጥፋቶችን እንደየክብደታቸው ይለያል። ዝቅተኛው ደንብ መተላለፍ ነው። ከዚያ በላይ በቀላል እስራት የሚያስቀጣው ይመጣል፤ እስራቱም ከ10 ቀን እስከ 3 ዓመት፣ አንዳንድ ጊዜም እስከ 5 ዓመት ይደርሳል። ጽኑ እስራት ከ1 እስከ 25 ዓመት ሲሆን ዕድሜ ልክም ሊሆን ይችላል። በመጨረሻ የሞት ቅጣት አለ።

በቤት ውስጥ የሚፈጸመው ድብደባስ ከየትኛው ይመደባል? አንቀጽ 564 እንደሚለው፣ የትዳር ጓደኛውን የሚደበድብ ሰው ማንኛውም ደብዳቢ በሚጠየቅባቸው አንቀጾች ይጠየቃል። ልዩነቱን የሚፈጥረው የጉዳቱ መጠን ነው። ለሕይወት የሚያሰጋ፣ አካልን የሚያጎድል ወይም መልክን ክፉኛ የሚያበላሽ ጉዳት ከባድ ተብሎ እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣል። ከዚያ ያነሰው ቀላል የአካል ጉዳት እስከ 1 ዓመት እስራት ወይም መቀጮ አለው። ሰንበር፣ እብጠትና ቶሎ የሚያልፍ ሕመም ግን በአንቀጽ 560 እንደ ጉዳት አይቆጠሩም፤ ስማቸውም «የእጅ እልፊት» ነው። መቀጮው ከ300 ብር አይበልጥም፤ ከበድ ሲል እስከ 3 ወር ያሳስራል። ዛሬ 300 ብር አንድ ኪሎ ሥጋ አይገዛም፤ የአንዲት ሴት ፊት ዋጋ ሆኖ ሲታይ ያሳፍራል።

እናቶች ልብ ሊሉት የሚገባው ሌላም ነገር አለ። ከባዱን ጉዳት ፖሊስ በራሱ ይከታተለዋል። ተራው ቀላል ጉዳትና የእጅ እልፊት ግን ተበዳይዋ ራሷ አቤቱታ ካላቀረበች ክስ አይመሠረትባቸውም። ለዚያውም ድርጊቱን ወይም አድራጊውን ካወቀች ጀምሮ በ3 ወር ውስጥ ማቅረብ አለባት። ሽማግሌ ሲመላለስ፣ ባል ሲምል ሲገዘት፣ የልጆች ነገር ሲነሳ ሦስት ወር ምን አላት! ሽምግልናን መንቀፌ አይደለም፤ ቀኑን ቆጥሮ መሸምገል ይቻላል።

እብጠትም ይሟሽሻል። ጉዳቱ ከየትኛው እንደሚመደብ በዋነኛነት የሚያስረዳው የሐኪም ማስረጃ ስለሆነ፣ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ መታየትና ወረቀቱን በጥንቃቄ ማስቀመጥ ያስፈልጋል። ከውጭ እብጠት ብቻ የሚመስለው ከውስጥ ሌላ ሊሆን ይችላልና።

እኚያ እናት ሐኪም ዘንድ አልሄዱም ነበር። የሥራ መግቢያው ደወል ተደውሎ ከተነሳን በኋላ፣ «በዚህኛው ዓይኔ መርፌው ውስጥ ክር ማስገባት አቅቶኛል» አሉን። ከተመቱ አሥራ ሁለተኛ ቀናቸው ነው።