ውሃ መኪና ይነዳል፤ ራሱ ግን አይነድም

ነዳጅ በጠፋ ወይም በተወደደ ቁጥር አንድ ወሬ አብሮ ይነሣል። «መኪና በውሃ ይሄዳል፤ ፈጠራው ከተገኘ ቆይቷል፤ የነዳጅ ከበርቴዎች ደብቀውት ነው እንጂ» ይባላል። ወሬው ከሰርቦ ጅማ በሚመላለሰው ሚኒባስም፣ በጋራዡም፣ በእኛው በሠልጣኞች መኝታ ቤትም አለ። አንዱ ያምናል፣ አንዱ ይስቃል፣ አብዛኛው ደግሞ «ምን ይታወቃል» ብሎ ያልፋል። እኛ ግን ማለፍ የለብንም እንላለን። ነገ ከነገ ወዲያ በየገጠሩ ት/ቤት ስንመደብ አንድ ተማሪ እጁን አውጥቶ ይህንኑ ይጠይቀናል። ያን ጊዜ «ምን ይታወቃል» ብሎ የሚመልስ መምህር ምን ሊባል ነው?

መልሱን ሳናድበሰብስ እንስጥ። ውሃ ነዳጅ አይደለም፤ ሊሆንም አይችልም። ነዳጅ የሚባለው ከኦክሲጅን ጋር ሲዋሐድ ጉልበት የሚለቅ ነገር ነው። እንጨቱም፣ ከሰሉም፣ ቤንዚኑም፣ ናፍጣውም እንዲሁ ናቸው። ውሃ ግን ሃይድሮጅን ከኦክሲጅን ጋር ተዋሕዶ፣ ነዶ ካበቃ በኋላ የሚገኝ ነው። ፈረንሳዊው ላቯዚዬ በ1783 እ.ኤ.አ. ውሃ የሁለት ጋዞች ውሕድ መሆኑን ካስረዳ ወዲህ ይህ ምሥጢር አይደለም። ስለዚህ ውሃ የሃይድሮጅን አመድ ነው ብንል አልተሳሳትንም። ከምድጃው አመድ ሰብስቦ «ሁለተኛ ቡና ላፍላበት» የሚል ሰው አለ እንዴ? በውሃ መኪና ላስነሣ የሚለውም ከዚህ አይለይም።

«ታዲያ ውሃውን በኤሌክትሪክ ለያይተን ሃይድሮጅኑን ብናነደውስ?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው ጥሩ ነው፤ ሒሳቡን እንሥራው። 2 ግራም ሃይድሮጅን ከ16 ግራም ኦክሲጅን ጋር ነዶ 18 ግራም ውሃ ሲሆን ወደ 286 ኪሎጁል ጉልበት ይወጣል። ያንኑ 18 ግራም ውሃ መልሶ ለመለያየት ደግሞ ከዚያ ያላነሰ ጉልበት ማስገባት ግድ ነው። በሽቦው፣ በሙቀቱና በሞተሩ የሚባክነው ሲታሰብ ምንጊዜም ከገባው የሚወጣው ያንሳል። ከመኪናው ባትሪ ኤሌክትሪክ ወስዶ ውሃ መለያየት፣ በዚያ ሞተር ማስነሣት፣ ሞተሩም መልሶ ባትሪውን ይሞላል ማለት ዳቦ በ10 ብር እየገዙ በ8 ብር በመሸጥ ሀብታም እሆናለሁ እንደማለት ነው። ውሃ ቢወቅጡት መልሶ እምቦጭ የተባለው ለዚህ ይስማማል።

ይህን ለተማሪ ለማሳየት ቤተ ሙከራ አያስፈልግም። አራት ባትሪ ድንጋይ አከታትሎ ማሰር፣ ሁለት እርሳስ በሁለቱም ጫፍ መቅረጽ፣ በብርጭቆ ውሃ ውስጥ ትንሽ የዳቦ ሶዳ መበተን፤ ከዚያ እርሳሶቹን ሳይነካኩ ነክሮ ከሽቦው ጋር ማገናኘት ነው። የገበታ ጨው ግን አይጨመር፤ ክሎሪን የሚባል መርዘኛ ጋዝ ያወጣል። በሁለቱም እርሳሶች ጫፍ አረፋ ይታያል፤ በአሉታዊው በኩል የሚወጣው ሃይድሮጅን ነው። ተማሪው «ይኸው ከውሃ ነዳጅ ወጣ!» ቢል አንቆጣው። ሽቦውን ፈትተን «አሁንስ?» እንበለው። አረፋው ይቆማል። ጉልበቱ ከባትሪ ድንጋዩ እንጂ ከውሃው እንዳልመጣ ያኔ በዓይኑ ያያል።

«ውሃ ሲነድ በዓይናችን አይተናል» ለሚሉም መልስ አለን። በበያጆች ዘንድ ካርባይድ የታወቀ ነው። ውሃ ሲነካው አሴቲሊን የተባለ ጋዝ ያወጣል፤ የሚነደውም እሱ ነው። ነገሩን የማያውቅ ሰው ውሃው የነደደ ይመስለዋል። ጉልበቱ ግን አስቀድሞ፣ ኖራና ኮክ የሚባለው ከሰል በኤሌክትሪክ ምድጃ በ2,000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ተቃጥለው ካርባይዱ ሲሠራ የገባ ነው።

ነገሩ ወሬ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ባልደከምን። ነገር ግን የሰው ገንዘብ ይበላበታል። በአሜሪካ ስታንሊ ሜየር የተባለ ሰው በውሃ የሚሄድ መኪና ሠራሁ ብሎ ነበር። ገንዘባቸውን ያስገቡ ሁለት ሰዎች ከሰሱት፤ ባለሙያዎችም ዕቃውን መረመሩት። ያገኙት ያንኑ ተራውን ውሃን በኤሌክትሪክ የመለያየት ዘዴ ነው። የኦሃዮ ፍርድ ቤት በ1996 እ.ኤ.አ. ድርጊቱ ማጭበርበር ነው ብሎ 25,000 ዶላራቸውን እንዲመልስ ፈረደ። እንግዲህ ከዕለት ገቢው ቆጥቦ «ቤንዚን በውሃ የሚተካ ዕቃ» የሚገዛ የባጃጅ ሹፌር ፍርድ ቤት የሚመላለስበት ጊዜም አቅምም ከየት ያመጣል? እሱን ቀድሞ የሚከላከልለት በት/ቤት የተማረው ትምህርት ነው።

አንዳንድ ጓደኞቻችን «እንዲህ ማለት ወጣት ፈጣሪዎችን ተስፋ ማስቆረጥ ነው» ይላሉ። ይህን አንቀበልም። አንድ ልጅ ቆርቆሮና ሽቦ ቀጣጥሎ «በውሃ የሚሠራ ሞተር» ይዞ ቢመጣ መሳቅ ነውር ነው። ሳይመረምሩ ማጨብጨብም ያው ነውር ነው፤ የልጁን ጉብዝና በባዶ ያስፈጃልና። መምህር ሊያደርግ የሚገባው አጠገቡ ቁጭ ብሎ ሦስት ነገር መጠየቅ ነው። ጉልበቱ ከየት ገባ? ስንት ገብቶ ስንት ወጣ? ሌላ ሰው በሌላ ቦታ ቢሞክረው ያንኑ ያገኛል ወይ? እነዚህን በራሱ መመለስ የቻለ ልጅ ነገ እውነተኛ ነገር ይፈጥራል።

ታዲያ ውሃ ለመኪና አይረባም ማለት ነው? በጭራሽ! ማስረጃው ከሰርቦ ሩቅ አይደለም። በ1996 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የግልገል ጊቤ 1 ማመንጫ 184 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም አለው። ያው ውሃ ከተርባይኑ ከወጣ በኋላ ወደ 26 ኪሎ ሜትር በሚረዝም ዋሻ አልፎ፣ በ2002 ዓ.ም. የተመረቀውን ባለ 420 ሜጋዋት ግልገል ጊቤ 2 ያዞራል። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የዓባይ ግድብ ደግሞ 5,150 ሜጋዋት ነው። በእነዚህ ሁሉ ውሃው አልነደደም፤ ከከፍታ ወረደ እንጂ። ወደ ከፍታው ያወጣችው ፀሐይ ናት፤ አትንና በዝናብ መለሰችው።

መጠኑንም እንወቅ። 1 ሜትር ኩብ ውሃ ከ100 ሜትር ከፍታ ሲወርድ፣ ብክነቱ ሳይታሰብ፣ የሚሰጠው ከሩብ ኪሎዋት ሰዓት እምብዛም አይበልጥም። አንድ ሊትር ቤንዚን ግን ወደ 9 ኪሎዋት ሰዓት ይይዛል። ይህን ለማግኘት 33 ሜትር ኩብ ገደማ፣ ማለትም ባለ 20 ሊትር ጀሪካን 1,650 ያህል ውሃ ያን ያህል መውረድ አለበት። የውሃ ጉልበት ግድብ የሚሻው ለዚህ ነው፤ በጀሪካን ተጭኖ አይሄድም።

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና በመንገዳችን በርክቷል። እንዲህ ያለው መኪና 100 ኪሎ ሜትር ለመሄድ ከ15 እስከ 20 ኪሎዋት ሰዓት ይበቃዋል። በሃይድሮጅን የሚሄድ መኪናም በዓለም አለ፤ ቶዮታ ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሸጧል። ነገር ግን እሱ 100 ኪሎ ሜትር የሚሄድበትን 1 ኪሎ ያህል ሃይድሮጅን ከውሃ ለማውጣት ከ50 እስከ 55 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል። ስለዚህ ለአነስተኛ መኪና ኤሌክትሪኩን በቀጥታ ባትሪ ላይ መሙላት ይሻላል።

እንግዲህ በውሃ የሚሄድ መኪና ለሚመኝ ሁሉ የምንለው ይህ ነው፤ ምኞቱ በግድቡ በኩል ይፈጸማል። ግድቡ ደግሞ ጠባቂ ይፈልጋል። ከከርሳ ኮረብታዎች ታጥቦ ወደ ጊቤ የሚወርደው አፈር የውሃውን ቦታ ይይዛል። እርከን የሚሠራ ገበሬ፣ ችግኝ የሚያስተክል መምህር የመኪናውን ጉልበት እየጠበቁ ነው።

በመጨረሻም አንድ ሐሳብ እናቀርባለን። ለማስተማር ልምምድ የምንወጣ ሠልጣኞች ሁሉ አራት ባትሪ ድንጋይና ሁለት እርሳስ በቦርሳችን እንያዝ። መምህራኖቻችንም ሙከራውን ከመውጣታችን በፊት አብረውን ይሥሩት። ተማሪው ሲጠይቀን በወሬ ፈንታ ሙከራ እናሳየው።