«ይባላል» ይብቃን፤ አገራችንን በእግራችን እንወቅ

ባለፈው የፈተና ሰሞን ማብቂያ ላይ፣ ከዓዲ ሓቂ ግቢያችን በር ብዙም በማይርቅ ሻይ ቤት አራት ሆነን ተቀምጠን ነበር። ትልቅ የጀርባ ሻንጣ የተሸከመ አንድ የውጭ አገር ወጣት ገባና ሸክሙን ከአጠገባችን አወረደ። ሻይ ጋበዝነው፤ ወሬም ጀመርን። ህንድን፣ ኔፓልንና ቬትናምን ለወራት ዞሮ፣ ከዚያ ወደ አገራችን መምጣቱን ነገረን። በህንድ ባቡር በርካሹ ማዕረግ ተጨናንቆ ማደሩን፣ በኔፓል ተራሮች ከመንደር መንደር በእግሩ እየሄደ በባላገር ቤት መሰንበቱን አጫወተን። በመጨረሻም «ነገ ወደ ገርዓልታ ልሄድ ነው፤ አቡነ የማታ ጉሕን ለመውጣት ስንት ሰዓት ይፈጃል?» ሲል ጠየቀን።

ከአራታችን ሁለቱ የትግራይ ልጆች ነን፤ አንዳችን እንዲያውም ሐውዜን ዘመድ አለን። ሁለቱ ደግሞ ከሌላ የአገራችን ክፍል ለትምህርት የመጣን ነን። «በጣም ከፍ ያለ ነው ይባላል» አለ አንዳችን። «ጫማ አውልቀው ነው የሚወጡት ይባላል» አለ ሌላው። እንግዳው አመስግኖ ሻዩን ጠጣ፤ በማግስቱም መንገዱን ቀጠለ። «ይባላል» የምትለው ቃል ግን ከእኛ ጉሮሮ ሳትወርድ ቀረች።

ነገሩ የአራት ሰዎች ኀፍረት ብቻ ቢሆን ኖሮ በዚህ ገጽ ባላነሣነው ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ በየማደሪያ ክፍሉ ጠይቀናል፤ እናንተም እስኪ ራሳችሁን ጠይቁ። በ1888 ዓ.ም. ከዓድዋ ጦርነት በፊት ጣሊያኖች መሽገው የነበረበት፣ የሚጠጡት ውኃ ሲያዝባቸውም ለመልቀቅ የተገደዱበት እንዳ ኢየሱስ የዩኒቨርሲቲያችን ሰዎች በየቀኑ የሚመላለሱበት ስፍራ ነው። ምሽጉ የቱ ጋ እንደ ነበር የሚያሳየን ከመካከላችን ስንቱ ነው? በዐፄ ዮሐንስ ቤተ መንግሥት አጠገብ ያላለፈ የለም፤ ስለ አሠራሩ ሁለት ዓረፍተ ነገር የሚናገር ግን ማን ነው? ውቅሮ ከመቀሌ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ብትርቅ ነው፤ ከዓለት የተፈለፈለው ውቅሮ ጨርቆስም ለመንገደኛ ቅርብ ነው። ከዚያ ጥቂት አለፍ ሲሉ ነጋሽ አለ፤ የነቢዩ መሐመድ የመጀመሪያ ተከታዮች ተሰደው መጥተው እንዳረፉበት የሚታመንበት ስፍራ። በትምህርት ገበታችን ላይ ስለ ቱሪዝም ገቢ ሠንጠረዥ እንሠራለን። ዳሎል ከባሕር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ መውረዱን በቃላችን ይዘናል። እዚያ በሐሩር ተቃጥሎ አሞሌ ጨው የሚቆርጠው ሰው በቀን ስንት እንደሚያገኝ ግን አንጠይቅም።

የጀርባ ሻንጣ ተሸክሞ እስያን መዞር ለሌላው ዓለም ወጣት የተለመደ ነገር ከሆነ ከግማሽ ምዕት ዓመት በላይ ሆኖታል። በእኛ አቆጣጠር ከ1950ዎቹ ማብቂያ ጀምሮ ብዙ የአውሮፓና የአሜሪካ ወጣቶች ከኢስታንቡል ተነሥተው፣ ኢራንን፣ አፍጋኒስታንንና ፓኪስታንን አቋርጠው በአውቶቡስና በጭነት መኪና እስከ ህንድና እስከ ካትማንዱ ይጓዙ ነበር። በ1971 ዓ.ም. የኢራን አብዮት ሲነሣ፣ በ1972 ዓ.ም. ደግሞ የሶቪየት ጦር አፍጋኒስታን ሲገባ ያ መንገድ ተዘጋ፤ የመንገደኛው ልማድ ግን አልቀረም። ደርቭላ መርፊ የተባለች አየርላንዳዊት በ1955 ዓ.ም. ከአገሯ እስከ ህንድ በቢስክሌት ሄደች። ይህችው ሴት በ1959 ዓ.ም. ወደ እኛ መጥታ የሰሜን ኢትዮጵያን ተራራና ሸለቆ ከአንዲት በቅሎ ጋር በእግሯ አቋረጠች፤ መጽሐፍም ጻፈችበት። ያደረገችው ሊመሰገን ይገባዋል። ሆኖም በዚያው ዘመን በዚያው መንገድ ክረምት ከበጋ ወደ ትምህርት ቤቱ ይመላለስ የነበረው የእኛ ተማሪ ያየውን የጻፈበት ደብተር የት አለ?

ከሻይ ቤቱ እንግዳ ንግግር ከሁሉ ይልቅ የነካን አንድ ነገር ነው። በህንድ ባቡር አብረውት ካደሩት መካከል የሚበዙት እንደ እርሱ ያሉ ፈረንጆች ሳይሆኑ ህንዶች ራሳቸው ነበሩ፤ ለእረፍት የሚጓዙ ተማሪዎች፣ ወደ ቅዱስ ስፍራ የሚሄዱ ሽማግሌዎች፣ የልጅ ልጅ ለማየት የሚሻገሩ አሮጊቶች። አገራቸውን ለእንግዳ ትተው እነርሱ ቤት አልተቀመጡም።

እኛስ ብንሆን መች እንዲህ ነበርን? የቆሎ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ዱላውን ይዞ ከአገር አገር ይዞር አልነበረምን? ቅኔ ፍለጋ ዋሸራ፣ ድጓ ፍለጋ ቤተልሔም፣ ዝማሬ መዋሥዕት ፍለጋ ዙር አባ ይወርድ ነበር። ደረሳውም በወሎ ከአንዱ ሼህ ወደ ሌላው ሼህ ኪታቡን ይዞ ይዞር ነበር። ሲራራ ነጋዴው ጨው ጭኖ ከአፋር ቆላ ወደ ደጋው ይወጣ ነበር። እነዚህ ሰዎች ያወቁትን አገር በጆሯቸው ብቻ አልሰሙትም፤ ውሻው አባሮአቸዋል፣ ባላገሩ አሳድሮአቸዋል፣ ወንዙ ከልክሎአቸዋል። «ይባላል» ሳይሆን «አይቻለሁ» ይሉ ነበር።

ከቅርብ ዘመንም ምሳሌ አለን። በ1958 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በተደረገው ሦስተኛው ዓለም አቀፍ የኢትዮጵያ ጥናት ጉባኤ ላይ፣ አባ ተወልደ መድኅን ዮሴፍ የተባሉ የትግራይ ካህን ከ120 በላይ የሆኑ የትግራይ ውቅር አብያተ ክርስቲያናትን ዝርዝር አቀረቡ። የውጭ ሊቃውንት እስከዚያ ቀን ድረስ የሚያውቁት ከእነዚህ ጥቂቶቹን ብቻ ነበር። ዛሬ ፈረንጅ የጀርባ ሻንጣውን ተሸክሞ ገርዓልታ የሚወጣው የአገሩ ሰው ባቀና በዚያ መንገድ ነው። ያገሩን ሰርዶ ባገሩ በሬ ማለት ይህ ነው።

ተማሪውም ቢሆን ባላገሩን ቀርቦ ያየበት ዘመን ነበር። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ትምህርቱን ሳይጨርስ አንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛት ወጥቶ እንዲያገለግል ይደረግ ነበር። በ1967 ዓ.ም. ደግሞ ደርግ በዕድገት በኅብረት ዘመቻ ተማሪውን በትእዛዝ አዘመተው። ስለ ዘመቻው ክፉና ደግ ሌላ ጊዜ እንከራከርበታለን። ያኔ የወጡት አባቶቻችንና እናቶቻችን ግን ባላገሩ ምን እንደሚበላ፣ ምን እንደሚፈራ በዓይናቸው አይተው ተመለሱ። እኛ የሚያዘን የለም፤ ስለዚህ ተቀምጠናል።

መቀመጣችን ምን ጉዳት አለው የሚል ቢኖር መልሳችን ይህ ነው። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. የተጀመረው ጦርነት ምን እንዳደረሰብን ለዚህ ግቢ ሰው መንገር አያስፈልግም። የጦርነቱን ምክንያት ለመዘርዘር አልተነሣንም። ነገር ግን በእነዚያ ዓመታት አንዱ የሌላውን ደጅ ረግጦ የማያውቅ ሰው «እነዚያ እንዲህ ናቸው ይባላል» ሲባል በቀላሉ ማመኑን ሁላችን አይተናል። ቤቱ ገብቶ እንጀራውን ቆርሶ የበላ ሰው፣ ስለዚያ ቤት ክፉ ሲወራ ቢያንስ አንድ ጊዜ ቆም ብሎ ይጠይቃል። መንገዱን ያልሄደ ግን የሚጠይቅበት ነገር የለውም፤ የሰጡትን ይውጣል። እንግዲህ አገርን በእግር ማወቅ የመዝናኛ ጉዳይ ብቻ አይደለም የምንለው ስለዚህ ነው።

ተቃውሞ እንደሚነሣ እናውቃለን። መጀመሪያው የገንዘብ ነው። ወላጆቻችን ደመወዝ ያጡበትን ጊዜ አንረሳም፤ ካፌ የማይገባ ተማሪ መኖሩንም እናውቃለን። የምንለው ግን ስለ አውሮፕላንና ስለ ሆቴል አይደለም። በሚኒባስ ውቅሮ ደርሶ ለመመለስ የሚጠይቀው ስንቅና የመሳፈሪያ ገንዘብ ነው። ማደሪያ ከተፈለገም ሪቻርድ ሺርማን የተባለ ጀርመናዊ መምህር እ.ኤ.አ. በ1909 ተማሪዎቹን ይዞ በእግር ሲጓዝ ዝናብ ቢይዘው አንድ ባዶ ትምህርት ቤት ውስጥ አሳደራቸው። በዓለም የታወቀው የወጣቶች ማደሪያ ቤት ሐሳብ የተወለደው ከዚያች ሌሊት ነው። የእኛስ ትምህርት ቤቶች በእረፍት ጊዜ ባዶ አይሆኑምን?

ሁለተኛው የደኅንነት ጉዳይ ነው፤ ይህን ማንም ሊያቃልለው አይገባም። በጥር 2004 ዓ.ም. በኤርታ አሌ አምስት የውጭ አገር ጎብኚዎች ተገድለዋል። ጦርነቱም ቢሆን ምንም እንኳ ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ ስምምነት ቢፈረምም፣ ያልፈነዳ መሣሪያ በየማሳው ትቶ ሄዷል። ስለዚህ የአካባቢውን አስተዳደርና ሽማግሌ ሳይጠይቁ መሄድ፣ ከተረገጠ መንገድ መውጣት፣ ያልታወቀ ብረት መንካት ጀግንነት ሳይሆን ሞኝነት ነው። ሰላም ያልሆነበትን ቀን በትዕግሥት መጠበቅም የመንገደኛ ዕውቀት ነው። እኅቶቻችንም ከጉዞው እንዳይቀሩ፣ ጉዞው በቡድንና መምህር ባለበት፣ ማደሪያው አስቀድሞ ታውቆ መደረግ አለበት።

ሦስተኛው ከሁሉ የከበደ ነው። «ሕዝቡ ሐዘን ላይ እያለ እናንተ ለሽርሽር ትወጣላችሁን?» ይባል ይሆናል። ነጋሽ ያለው መስጊድ በኅዳር 2013 ዓ.ም. በመሣሪያ ተመትቶ ተጎድቷል፤ በየመንደሩም ቤቱ የፈረሰ፣ ልጁን የቀበረ አለ። ሐዘን ቤት ካሜራ ይዞ የሚገባ ነውረኛ ነው። ሐዘን ቤት ለመድረስ የማይሄድም ነውረኛ ነው። ልዩነቱ በምን ልብ እንደምንሄድ ነው።

እዚህ ላይ የጀርባ ሻንጣ ያለውን መንገደኛ ሁሉ እንከተል ማለታችን አይደለም። በእስያ መንገድ ከሚሄዱት መካከል በርካሽ መኖራቸውን እንደ ጀብዱ የሚቆጥሩ አሉ፤ ከድኻ ሴት ጋር በሙዝ ዋጋ ሩብ ሰዓት ይከራከራሉ፣ ያተረፉትንም ያወሩታል። የእኛ ሰው እንግዳ በመጀመሪያው ቀን ወርቅ፣ በሁለተኛው ብር፣ በሦስተኛው ብረት ነው የሚለው ያለ ምክንያት አይደለም። የቆሎ ተማሪው ለምኖ ሲበላ ሕዝቡ ያልጠላው፣ ነገ ቄስ ወይም መምህር ሆኖ እንደሚመለስለት ስላወቀ ነው። እኛም የምንበላውን እንጀራ በምን እንደምንከፍል አስቀድመን እናስብ።

ስለዚህ ለተማሪዎች ማኅበራችንና ለተከበሩ መምህራኖቻችን የሚከተለውን እናቀርባለን።

አንደኛ፤ ማኅበሩ የጉዞ ክፍል ያቋቁም። የመጀመሪያው ጉዞ ከዚሁ ከመቀሌ ይጀምር፤ እንዳ ኢየሱስን በእግራችን እንይ። ቀጥሎ ውቅሮና ነጋሽ፤ ሲመቻችም ገርዓልታ።

ሁለተኛ፤ በየቡድኑ ከትግራይ የተወለደና ከሌላ የአገራችን ክፍል የመጣ ተማሪ አብረው ይሁኑ። የአገሩ ልጅ ያስተረጉም፤ እንግዳው ይጠይቅ። የሌላው አካባቢ ልጆችም በተራቸው መንገዱ ሰላም በሆነ ጊዜ ወደ አገራቸው ይውሰዱን።

ሦስተኛ፤ አስጎብኚውና የቤተ ክርስቲያኑ አገልጋይ የሚገባቸው ይከፈላቸው። «ተማሪ ነኝ» ብሎ የሌላውን ጉርሻ መቀነስ አይፈቀድ።

አራተኛ፤ ከጉዞ የተመለሰ ሁሉ ያየውን ይጻፍ፤ የፈረሰውን ግድግዳ፣ የሽማግሌውን ቃል፣ የጨው ቆራጩን ገቢ። ጽሑፉም በቤተ መጻሕፍታችን ይቀመጥ። ለባላገሩ የምንከፍለው ዕዳ አንዱ ይህ ነው።

ይህ ትልቅ ነገር አይደለም፤ ከአንድ የእግር ኳስ ውድድር የበለጠ ዝግጅት አይጠይቅም። የሻይ ቤቱ እንግዳ ከገርዓልታ ሲመለስ አላገኘነውም፤ ተራራውን ለመውጣት ስንት ሰዓት እንደፈጀበትም ስለዚህ አናውቅም። ሌላ እንግዳ መጥቶ ተመሳሳይ ጥያቄ በጠየቀን ጊዜ ግን ሰዓቱን ልንነግረው፣ ቢፈልግም አብረነው ልንወጣ እንፈልጋለን።